“ትክክለኛው ሰዓት” የማን ነው?

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስጨበጡን ነገር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች ነበር። ከስድስቱ ቀላሉ “መቼ” ይመስለን ነበር። ሰዓት አይቶ መጻፍ ምን ይከብዳል? ጉዱ የገባን ከውጭ የዜና ወኪሎች ዜና መተርጎም ስንጀምር ነው። ከመሃላችን አንዷ ከቀትር በኋላ የተጀመረን ስብሰባ እንግሊዝኛው ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ገልብጣ “ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት” ብላ አስገባች። መምህራችን በቀይ እስክርቢቶ ከሥሩ አስምረው “ይህ ሰዓት የት አገር ነው ያለው?” ብለው መለሱላት። ሳቅን። እሷም ሳቀች። 9 ሰዓት ማለት እንዳለባት ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም።

ባለፈው ነሐሴ ግን ያው ስህተት የማያስቅ ሆኖ መጣብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዷ ጓደኛችን እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪማቸው ይራመዱ ብለዋቸዋል። ዋሽንግተን ያለችው ትልቋ ልጃቸው እርምጃ የሚቆጥር፣ የልብ ምት የሚለካ፣ አላርም ሲደርስ እጅ ላይ የሚነዝር ስማርት ባንድ ገዝታ ላከችላቸው። እማማ ባንዱን ወደዱት። “ዛሬ 4 ሺህ ሄድኩ” እያሉ ቡና ላይ ይፎክሩብናል (እኛ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ተጎልተን የምንውል ሰዎች መልስ የለንም)። አንድ ነገር ግን አስቸገራቸው፤ ባንዱ የሚያሳየው ሰዓት የእርሳቸው ሰዓት አይደለም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 8፡00 ይላል።

ጓደኛችን መላ ዘየደች። አፑ የሰዓት ቀጠና በእጅ መምረጥ ይፈቅድ ስለነበር ቦነስ አይረስን መረጠችላቸው። አርጀንቲና ከእኛ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ባንዱም 2፡00 ይላል። ከመሃላችን ይህን የማታውቅ የለችም፤ ግማሾቻችን በሰዓታችን የቦነስ አይረስ፣ ግማሾቻችን ደግሞ 6 ሰዓት ወደፊት የምትቀድመን የቶኪዮ ነዋሪዎች ነን። በ12 ሰዓት ገጽ ላይ ሁለቱም ያው ናቸው። ቦነስ አይረስ እንዲያውም አንድ ጥቅም አላት፤ የእርሷ እኩለ ሌሊት የእኛ ንጋት 12 ሰዓት ስለሆነ እርምጃ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ተመልሶ አዲስ ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ቀን መጀመር ያለበትም ያን ጊዜ ነው።

ሁለት አላርም ተሞላ፤ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት። ጠዋት ከቁርስ፣ ማታ ከእራት ጋር የሚወሰድ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ኪኒን አላቸው። ይህ ኪኒን ደም ውስጥ ያለን ስኳር ያወርዳል፤ ሆድ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ያወርዳል፤ በተለይ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች አደጋው የታወቀ ነው። ለወራት ያለ ችግር ሠራ።

ከዚያ አፕዴቱ መጣ።

የፍልሰታ ጾም ነበር። እንዳይጾሙ ተነግሯቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ “ፍልሰታን የማይጾም ማን አለ?” ብለው እስከ 9 ሰዓት ይቆያሉ። የዚያን ዕለት ከሰዓት ስልካቸው ዋይፋይ አግኝቶ አፑ ራሱን በራሱ አደሰ። አዲሱ አፕ የሰዓት ቀጠና መምረጫውን አንስቶታል። ከእንግዲህ ባንዱ ሰዓቱን ከስልኩ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ስልኩ ደግሞ ከኔትወርክ። ማንም የጠየቃቸው የለም፣ ማንም የነገራቸው የለም። እማማ ብርድ ብርድ ብሏቸው ገና በጊዜ ጋደም አሉ። ማታ 2 ሰዓት ላይ መንዘር የነበረበት ባንድ ዝም አለ። የነዘረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ ነው፣ መብራት የለም፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ባንዱን አዩት፤ 2፡00 ይላል። ማታ 2 ሰዓት መስሏቸው፣ ተነስቼ እራት እበላለሁ ብለው፣ ኪኒናቸውን ዋጡ። እንቅልፍ መልሶ ወሰዳቸው።

ሊነጋጋ ሲል ልጃቸው ስታገኛቸው ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገሩት አይያያዝም። እግዜር ይስጣት የሚሆነውን ታውቅ ስለነበር ስኳር በጥብጣ አጠጣቻቸው። ክሊኒክ ሲደርሱ ራሳቸውን አውቀዋል። ተርፈዋል፤ ይህን የምንጽፈውም ስለተረፉ ነው፤ ባይተርፉ የምንጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

ለአምራቹ ኩባንያ ጻፍን። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ በጣም ጨዋ መልስ ነው። “መሣሪያዎ ትክክለኛውን የአካባቢዎን ሰዓት እያሳየ መሆኑን አረጋግጠናል” ይላል። ከአፕዴቱ በፊት የነበረው ነው የተሳሳተው፤ አሁን ተስተካክሏል፤ እንኳን ደስ አላችሁ እንደማለት።

ጸባችን ከዚህች “ትክክለኛ” ከምትባል ቃል ጋር ነው።

ለመሆኑ የአዲስ አበባ “የአካባቢ ሰዓት” ምንድን ነው? ወረቀት ላይ ከዩቲሲ 3 ሰዓት የቀደመ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለንም። ጎዳናው ላይ ግን ፍርድ ቤት የሚቀጥረን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ታክሲ ረዳቱ፣ የሰርግ ጥሪው፣ የቀበሌው ማስታወቂያ፣ የክሊኒኩ ነርስ፣ ሬዲዮኑ በዚሁ ነው የሚናገሩት። ይህ አቆጣጠር የሙዚየም ዕቃ አይደለም። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙም የማትርቅ በመሆኗ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው። ቀኑ ሲጀምር ቁጥሩም ይጀምራል፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያታዊ አቆጣጠር የሚያሳየን ካለ ይምጣ። ብቻችንንም አይደለንም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች በኬንያና በታንዛኒያ ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፤ “ሳ ታቱ” ቃል በቃል 3 ሰዓት ማለት ሲሆን ጠዋት ሲሉት የእኛው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ኢትዮጵያ ላይ ይህን ሁሉ ሕዝብ ስንጨምር “ትንሽ ገበያ ናችሁ” የሚለው ሰበብ ውኃ አይቋጥርም።

ጉዳዩ የቴክኒክ ችግር ነው የሚሉንም አሉ። እስቲ እንየው። መሣሪያው ውስጥ ያለው ሰዓት የማንም አይደለም። አብዛኞቹ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. እኩለ ሌሊት ዩቲሲ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው። እላዩ ላይ የሰዓት ቀጠና ይደመራል። የቀጠናዎቹ ዝርዝር ዓለም በሙሉ የሚጋራው አንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው፤ መንግሥታት ሐሳባቸውን ሲለውጡ እሱም ይታደሳል። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስትመልስ ቋቱ ተከተላት። ሊባኖስ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የበጋ ሰዓት መጀመሪያዋን በመጨረሻው ደቂቃ አራዝማ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ውሳኔዋን ስትሽር፣ ግማሹ አገር በአንድ ሰዓት ግማሹ በሌላ ሰዓት ሲኖር ሰነበተ፤ የአንዳንዱ ሰው ስልክ መንግሥትን ሳይሰማ በራሱ ጊዜ ወደፊት ሄደ። እዚያም የተጣሉት “ትክክለኛው ሰዓት የማን ነው?” በሚል ነበር።

የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህም የቀለለ ነው። ቀጠናችን ይለወጥ አላልንም። ከሁሉም በኋላ የሚመጣው ደረጃ፣ ማለትም ቁጥሩ ለሰው ዓይን የሚቀርብበት መንገድ ላይ ነው ጥያቄያችን። እዚያ ደረጃ ላይ አማራጭ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። ዩኒኮድ ኮንሶርሽየም የሚያዘጋጀው፣ ስልኮቻችን የቋንቋና የአገር ልማድ የሚቀዱበት ሲኤልዲአር የሚባል ቋት አለ። በእርሱ ደንብ ሰዓትን ለማሳየት አራት ዓይነት አቆጣጠር ተፈቅዷል፤ ከ1 እስከ 12፣ ከ0 እስከ 23፣ ከ1 እስከ 24፣ እና ከ0 እስከ 11። የመጨረሻው በዋናነት ጃፓን ውስጥ የሚሠራበት ነው። ልብ በሉ፤ 12ን 0 ብሎ ለመጥራት ራሱን የቻለ አማራጭ ተሰጥቷል። ጃፓኖች ይገባቸዋል፣ ቅናት የለብንም። ግን ለዚያች ለአንዲት ቁጥር ቦታ ከተገኘ፣ ለስድስት ሰዓት ልዩነት ቦታ የጠፋው ለምንድን ነው? በዚያው ቋት ውስጥ የዘመን አቆጣጠራችን አለ፤ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ሳይሆን ዓመተ ዓለሙም ጭምር! ወራችንን ያወቀ ሶፍትዌር ሰዓታችንን አያውቅም።

ይህም ሳያንስ አማርኛችንን አበላሽተውብናል። የስልካችሁን ቋንቋ አማርኛ፣ የሰዓቱን አቆጣጠር የ12 ሰዓት አድርጉና ሌሊት የተላከላችሁን መልእክት ክፈቱ። በብዙ ስልኮች ላይ “3:00 ጥዋት” የሚል ታገኛላችሁ። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህ ማለት ፀሐይ ወጥታ፣ ሱቅ ተከፍቶ፣ ቢሮ ተገብቶ ነው። ስልኩ ሊል የፈለገው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። “8:00 ከሰዓት” ካለ ደግሞ ምሳ በልተን ቡና የምናፈላበት ጊዜ ይመስለናል፤ እርሱ ግን ማታ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ኤኤም የሚለውን አንስቶ “ጥዋት”፣ ፒኤም የሚለውን አንስቶ “ከሰዓት” ተክቶ ቁጥሩን እንዳለ የተወ ሰው ተረጎመ አይባልም። መምህራችን በቀይ ያሰመሩበት ስህተት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው በሚሊዮኖች ኪስ ውስጥ መግባቱ ነው። እንግሊዝኛው ቢቀር ቢያንስ ባዕድ መሆኑን እናውቅና በልባችን 6 እንቀንሳለን። በአማርኛ ሲዋሸን ግን ማን ብሎ ይጠረጥራል?

አሁን የአገር ቤት ተቃዋሚዎቻችንን እናንሳ፤ ከፈረንጁ ይልቅ የሚያበሽቁን እነሱ ናቸው። “ለምን እንደ ዓለሙ አንሆንም? ይህን ነገር ትተን ዓለም አቀፉን ሰዓት እንጠቀም” የሚሉ ወዳጆች አሉን። ወዳጆቻችን ሆይ፣ ዓለም አቀፍ የሆነው ዩቲሲ ነው፤ እሱን እናንተም አትጠቀሙበትም። ከእኩለ ሌሊት መቁጠር የአንዳንድ አገሮች ልማድ ነበር፣ ተስፋፋ፣ አሁን ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ከዚያ ያለፈ ቅድስና የለውም። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ራሳቸው እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ ቀናቸውን የሚጀምሩት ከቀትር ነበር፤ ማታ ሙሉ ኮከብ ሲያዩ ቀኑ መሃል ላይ እንዳይቆረጥባቸው። ሥራቸው እንዲህ እንዲቆጥሩ አስገደዳቸው፣ ቆጠሩ። የእማማ ሥራም ከንጋት ነው የሚጀምረው። አውሮፕላን ስንሳፈር የትኬቱን ሰዓት እናነባለን፣ ከውጭ ሰው ጋር ቀጠሮ ስንይዝ እንለውጣለን፤ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አንዱን ይቁረጥ አይባልም።

እና የራሳችን ሶፍትዌር ሠሪዎችስ? የገንዘብ ማስተላለፊያው፣ የታክሲ መጥሪያው፣ የምግብ ማዘዣው አፕ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ በእኛው ልጆች፣ ለእኛው ሕዝብ ነው የሚሠራው። ስንቶቹ ናቸው ደረሰኙ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ብለው የሚጽፉት? ስልክ ላይ የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳዩ አፖች የሠሩ ወጣቶች አሉ፣ ምስጋና ይድረሳቸው። ባንድ ግን አፕ የሚጫንበት ነገር አይደለም፤ አምራቹ የከፈተው በር ከሌለ መስኮት የለውም። ደግሞም የሚጎድለን ጎበዝ ልጅ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. የገባው ከሰማይ ወርዶ አልነበረም፤ ሰነድ ጽፈው፣ ተከራክረው፣ ደጅ ጠንተው ያስገቡት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ይህን በአማርኛ መጻፍ የቻልነው በእነሱ ነው። ሲኤልዲአርም ላይ ጥያቄ ማቅረብ ለማንም ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚል አምስተኛ አማራጭ ይጨመር ብሎ የሚጽፍ፣ “3:00 ጥዋት” ስህተት ነው ብሎ የሚሟገት ሰው ይፈለጋል። እኛ ጋዜጠኞች ነን፣ ኮድ አንጽፍም፤ ግን ደብዳቤውን ለማርቀቅ ተቀምጠናል፤ ፕሮግራመሮች ሆይ፣ ወንበር አለ።

አምራቾቹን የምንጠይቃቸውም ሰማይ ምድር አይደለም። የሰዓት ቀጠናችንን ሳትነኩ ማሳያው ላይ አንድ ምርጫ ጨምሩ። የቦነስ አይረሱ መላ ጥሩ መላ ነው ብለን አንመጻደቅም፤ ቀጠና ሲዋሽ የእንቅልፍ መዝገቡ ይዛባል፣ ቀኑ ይምታታል። ይህን ውሸት እንድንዋሽ ያደረገን እውነተኛው ምርጫ አለመኖሩ ነው። ይህን እስክታደርጉ ድረስ ደግሞ ሰው በእጁ ያስተካከለውን ሰዓት ሳትጠይቁ አትለውጡ። አላርም የተሞላበትን ቀጠና የሚነካ አፕዴት “አላርምዎ ይቀየራል፣ ይስማማሉ?” ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብደዋል? ለአዲስ የገጽ ቀለም አምስት መስኮት የሚከፍት አፕ ለመድኃኒት ሰዓት አንድ መስኮት አጣ።

የድሮውን የእጅ ሰዓት እናስብ። ጎኑ ላይ ያለችውን መሙያ ሳብ አድርገን፣ ጠምዝዘን፣ የፈለግነው ላይ እናቆመው ነበር። ከጄኔቭ የመጣ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ በእኛ ሰዓት ሲሄድ ኖረ፤ ሌሊት ተነስቶ ወደ ጄኔቭ የሚመልሰው አልነበረም። ያልተስተካከለ ሰዓት ያሰረ ሰው እንኳ የአጭሩን ቀስት ጭራ እያየ ያነባል፤ በትክክል ፊት ለፊት ያለው ቁጥር የእኛ ሰዓት ነውና። ባንዱ ቀስት የለው፣ ጭራ የለው።

እማማ ባንዱን አውልቀውታል። ልጃቸው ቀጠናውን መምረጥ ባትችልም አላርሙን ወደ 8፡00 አዙራ ልታስርላቸው ሞክራ ነበር፤ “ይህ ነገር ሌሊት የሚያደርገውን አላውቅም” ብለው እምቢ አሉ። አሁን የሚራመዱት ሳይቆጥሩ ነው። ኪኒናቸውን የሚወስዱት ደግሞ ሬዲዮኑ “ሁለት ሰዓት” ሲል ነው፤ ባትሪው እንዳያልቅ እየተጠነቀቁ፣ ከቁርሳቸው ጋር። ባንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አላርሙን ማንም አላጠፋውም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንጨቱን ሲያንዘረዝር ይሰማ ነበር አለችን ጓደኛችን።